አጥር የዘለለው ማን ነው? ስለ ቤት፣ ስለ ድንበርና ስለ ቅጣቱ



ከጥቂት ወራት በፊት ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ለአገልግሎት ሄጄ ነበር። ከእሁዱ አምልኮ በኋላ አንድ ወንድም የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ ቀረበኝ። በከተማው ዳርቻ ከአንድ ገበሬ በደላላ በኩል በገዛው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቶ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» የሚለው ዓይነት ነው፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ቆርቆሮው ተመትቶ የሚገኝ። ወረቀቱ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ቤትህን አንሣ ይላል። «ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ» አለኝ። ጸለይን። ከአሜን በኋላ ግን ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አነሣ፦ «ለመሆኑ እኔ ወንጀለኛ ነኝ ወይስ የተበደልኩ?»

በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር። ወደ አዳማ ስመለስ መንገዱን በሙሉ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ሕጉን አነበብኩ፤ ሕግ የተማሩ ወንድሞችንም ጠየቅሁ። የደረስኩበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ የአገራችን ሕግ የሰውን ቤትና ይዞታ ያለ ፈቃድ መድፈርን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ እኛ ግን ይህን ሕግ የምናነበው በጎረቤታችን ላይ ብቻ ነው። በሕዝብ ስም ሲገባ፣ በመንግሥት ስም ሲገባ፣ ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ስም ሲገባ፣ አንቀጹ የተጻፈ አይመስለንም።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 604 ባለይዞታው ሳይፈቅድ ወደ መኖሪያ ቤቱ ወይም ወደ አጥር ግቢው መግባትን፣ ውጣ ሲባልም አልወጣም ማለትን ይቀጣል። አንቀጽ 605 ደግሞ ድርጊቱ በመሣሪያ፣ በዛቻ ወይም በቡድን ሲፈጸም ነገሩን ያከብደዋል። ቤት ሳይገባ የሰውን መሬት ወይም ይዞታ የሚነጥቅና የሚያውክ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 686 ይጠየቃል። በሕጋችን ቀላል እስራት የሚባለው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት የሚደርስ ነው። ይህ ሕግ የፌዴራል ነው፤ በአዳማም በባሕር ዳርም በሐዋሳም አንድ ነው።

ከወንጀሉ ጎን የፍትሐ ብሔር መንገድ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ይመለስልኝ፣ ሁከቱም ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅድለታል። ነገር ግን ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወገኖቼ፣ ይህቺን የሁለት ዓመት ገደብ አስምሩባት። «ጌታ ይፈርዳል» እያሉ ሦስትና አራት ዓመት ቆይተው ጠበቃ ዘንድ የሚሄዱ ምእመናን ብዙ ናቸው። ጌታ ይፈርዳል፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን ይዘጋል።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ፈቃድ የከተማ ቦታን ያጠረ፣ የገነባበት፣ ወይም ከራሱ ይዞታ አልፎ አጎራባቹን መሬት የቀላቀለ ሰው ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ40,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ እንዲቀጣ አድርጎ ወጣ። ይህን ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ጋር አስተያዩት። ተራ የሰው ግድያ የሚያስቀጣው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለው ለነፍሰ ገዳዩ ቢሆንም፣ መነሻው ግን መሬት ለጠረው ሰው ይከብዳል! አንድ ዳኛ በግድያ ከ5 ዓመት መነሣት ሲችል፣ በአጥር ግን ከ7 ይነሣል ማለት ነው። ሕግ አውጪው ለምን እንዲህ አከበደው ብለን ብንጠይቅ፣ በዚያን ዘመን የከተማ መሬት ወረራ የደላላና የሹም ሽርክና ሆኖ አገር ያስጨነቀ እንደነበር እናስታውሳለን፤ አዋጁም ለሹማምንቱ ጭምር ቅጣት አስቀምጧል። ሆኖም በተግባር ብዙ ጊዜ ደጃፋችን የሚደርሰው ዶዘሩ እንጂ ዳኛው አይደለም። ያው አዋጅ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ፣ የሰባት የሥራ ቀናት ማስጠንቀቂያ ለሰውየው በመስጠት ወይም በንብረቱ ላይ በመለጠፍ ብቻ፣ ያለ ካሣ ማስለቀቅን ፈቅዷል። የዚያ ወንድም ወረቀት ምንጩ ይህ ነው።

ይህ ወንድም ታዲያ የተታለለው የት ላይ ነው? ገበሬው መሬቱን መሸጥ አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ ውሉ «ስጦታ» ወይም «ብድር» እየተባለ ይጻፋል፤ ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፤ ደላላው ድርሻውን ወስዶ ይሰወራል። ገዢው ያጠራቀመውን ገንዘብ ሰጥቶ የያዘው በሕግ ፊት የማይቆም ወረቀት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማው ሲሰፋ ገበሬው ራሱ መሬቱ በካሣ እንደሚወሰድበት ያውቃል፤ ከካሣው ይልቅ የደላላው ዋጋ ይሻለኛል ይላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ከተከፈተ ወዲህ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ፣ በዚህ መስመር ላይ የቆመ ሰው ትናንት ጤፍ የነበረው ዛሬ ችካል መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ወንጀለኛ ነው ወይስ የተበደለ? ሁለቱንም ነው። የሚያውቀውን ሕግ ተላልፏል፤ ጨረቃ ቤት በጨረቃ የሚሠራው ቀን እንዳይታይ ነውና። ተበድሏልም፤ ሕጋዊ ቦታ ለድሃ የሚገኝበት በር ጠባብ ሆኖ ሳለ የሕገ ወጡን በር በገንዘብ የከፈቱለት ሰዎች ዛሬ አብረውት አልተከሰሱም።

እዚህ ላይ ወደ ቃሉ እንመለስ። ስለ ድንበር ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው የጎረቤትን የድንበር ምልክት ማፍለስን የሚከለክለውን ትእዛዝ ነው (ዘዳ. 19፥14፤ 27፥17)። ብዙም የማይሰበክ ሌላ ክፍል ግን አለ። በዘዳግም 24፥10-11 አበዳሪ መያዣውን ሊወስድ ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ ሰውየው ራሱ መያዣውን እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ታዟል። አስቡት! አበዳሪው ገንዘብ አለው፤ መብት አለው፤ ተበዳሪው ደግሞ ባለ ዕዳ ነው። እንዲህም ሆኖ የባለ ዕዳው ደጃፍ አይደፈርም። ቤት የንጹሕ ሰው መብት ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛውም በገዛ ደጃፉ ክብር አለው። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የመኖሪያ ቤትን ከመበርበር ይጠብቃል።

እኛ ወንጌላውያን ይህ አንቀጽ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ቢያንስ አባቶቻችን ያውቁታል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የብዙ ሰው ግቢ በአንድ ቀን የመንግሥት ሆነ። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። እዚሁ ናዝሬት የነበረውና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚም አብሮ ተወሰደ። (ከተማችንን ናዝሬት ያላት ንጉሡ ነው፤ ዛሬ ስሟ ወደ አዳማ ተመልሷል፤ በዕድሜ የገፉ አማኞች ግን አሁንም ናዝሬት ሲሉ በልባቸው ያንን ግቢ ያስባሉ።) አዳራሹ ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ጫማ እየደበቁ፣ ድምፅ እየቀነሱ፣ ማን በር ያንኳኳ ይሆን እያሉ። 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት በ1983 ዓ.ም. 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። ይህን ታሪክ የምንተርከው ስለ እድገቱ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ቤቷን ለጸሎት ስትከፍት አደጋ ላይ ያዋለችው ደጃፏን ነበር። ደጃፍን የምናከብር ሕዝብ መሆን ያለብን ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ከመንግሥት ሳይሆን ከመንገድ የመጣ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ጥቂት ቀናት በሻሸመኔ፣ በባቱ (ዝዋይ)ና በሌሎችም የኦሮሚያ ከተሞች የሆነውን አንረሳውም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መገደላቸውንና ቢያንስ 500 ሰዎች መቁሰላቸውን ገልጿል። ከሟቾቹ መካከል በየቤታቸው የተደረሰባቸው አሉ፤ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም አሉ። የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴሎች በሻሸመኔና በባቱ ሲቃጠሉ ዓለም አየ፤ ስም የሌላቸው ሰዎች አጥር ሲገረሰስ ግን ያየው ጎረቤት ብቻ ነበር። በዚያው ጎረቤትም መካከል፣ በብሔርም በሃይማኖትም የማይመስላቸውን ሰዎች ጓዳቸው ውስጥ ደብቀው፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ሳትገድሉኝ አትገቡም» ያሉ አሉ። በዚህ መስመር ያለ አገልጋይ ሁሉ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ያውቃል።

በዚያ ጉዳይ የተከፈቱት ክሶች በአብዛኛው ስለ ግድያ፣ ስለ ቃጠሎና ስለ ዘረፋ ነበሩ፤ ትክክልም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀድመው ነው። አንድ ወጣት ከ500 ሰው ጋር ሆኖ የሰው አጥር ሲገፋ፣ ገና አንድም ክብሪት ሳይጭር፣ በቡድን በመሆኑ የከበደ ወንጀል ፈጽሟል። ይህን የነገረው ሰው አለ? የወጣቶች አገልግሎታችን ስለ ዝሙትና ስለ ስካር አስተምሯል፤ «የሰው ደጅ አትግፋ» ብሎ ግን ያስተማረ አላስታውስም። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ሦስተኛው ገቢ ደግሞ ደብዳቤና ዶዘር ይዞ የሚመጣው ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ የተካሄደው የቤት ፈረሳ፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በዙሪያው የቀጠለው ፈረሳ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ሜዳ ላይ አስቀርቷል፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑም የእንባ ጠባቂ ተቋሙም አሠራሩን ተችተዋል። ከፈረሱት መካከል መስጊዶች ነበሩ፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተነሣው ተቃውሞ ምክንያቱ ይኸው ነበር። አንዳንድ ወንጌላውያን በዚያን ጊዜ «የእኛ አልተነካም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አፈርኩ። ከተማ ያለ ፕላን አይኖርም፤ ሕገ ወጥ ግንባታ መፍረሱን በደፈናው የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለዓመታት ግብር የተቀበለ፣ መብራት ያስገባ፣ ውሃ የቀጠለ አካል፣ አንድ ጠዋት ተነሥቶ «አላውቅህም» ሲል፣ ባለ ዕዳውን ደጅ ላይ ቆመህ ጠብቅ ያለው ሕግ ተጥሷል። አዋጅ 721 ራሱ ከእርሱ በፊት ያለ ፈቃድ ለተያዙና ከከተማው ፕላን ጋር ለሚስማሙ ይዞታዎች ወደ ሕጋዊነት የሚገቡበትን በር ትቶ ነበር። ያንን በር በጊዜው ያልከፈተ ሹም ዶዘሩን በጊዜው መላኩ ፍትሕ አይመስለኝም።

በውጭ አገር ላላችሁ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ቴክሳስን ብንወስድ ያለ ፈቃድ የሰው ይዞታ መግባት በተለመደው ሁኔታ እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 2,000 ዶላር፣ መኖሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር ያስቀጣል። እዚያ በዛፍ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም እንኳ «አትግባ» ማለት ነው፤ ሳያውቁ ለአደን ወይም ለሽርሽር የሚወጡ ልጆቻችሁን ንገሯቸው። ቅጣቱ ከእኛ የሊዝ አዋጅ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ከባዱ ከሕጉ በፊት የሚመጣው ጥይት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሚዙሪ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወንድሞቹን ሊያመጣ ሄዶ የተሳሳተ ቤት ደወል በመደወሉ ተተኩሶበታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ዘፀአት 22፥2-3 በሌሊት ቤት ሰብሮ ሲገባ በተመታ ሌባና ፀሐይ ከወጣ በኋላ በተመታ ሌባ መካከል የሚለየው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ሁከትን በኃይል እንዲመልስ ቢፈቅድም፣ ኃይሉ ከነገሩ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ድንበር ገፋ ብሎ ጎረቤቱን በገጀራ የመታ አማኝ በሕግም በቃሉም መልስ የለውም።

ያንን ወንድም በስልክ ደወልኩለትና የነገርኩት ይህን ነው፦ ሌሊት ሌላ ክፍል አትቀጥል። ማስጠንቀቂያው የደረሰህን ቀን ጻፍ። ግብርና መብራት የከፈልክበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስበህ በጽሑፍ አቤት በል። የሸጡልህን ሰዎች ስም ለማስመዝገብ አትፍራ። ቤተ ክርስቲያንም «ሕጋዊ ነው» የሚል የምስክር ደብዳቤ እንድትጽፍልህ አትጠይቅ፤ አንጽፍም። ዝናብ ከመጣ ግን አዳራሹ አለ። መልሱን ስጽፍ ገና እየጠበቀ ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ግን ስለ እኛው አጥር ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዓመታት በፊት አንዲት አጥቢያ የእንጨት አጥሯን በብሎኬት ስትተካ እኔ በግንባታ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ገመዱ ሲዘረጋ በጓሮ በኩል አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎረቤት አልፎ ሄደ። አይተናል። «ለጌታ ሥራ ነው፣ እርሷም አትጠቀምበትም» ተባባልን። ጎረቤታችን ባል የሞተባቸው፣ ከእኛ ጋር የማያመልኩ እናት ናቸው። አልከሰሱም፤ ሁለት ዓመቱም አለፈ። በሕግ ደረጃ ያ የሁከት ክስ ተዘግቷል።

በዚህ ዓመት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆነን ሄድን። ቡና አፈሉ። ነገሩን ስንናገር ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያኔ አይቻችኋለሁ። ከእግዚአብሔር ቤት ጋር ማን ይከራከራል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ አሁን አልወጣችልኝም። ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ ግንብ ማፍረስ ገንዘብ ነው፣ ምእመናኑስ ምን ይላሉ ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ዘኁልቁ 5፥7ን ገለጡ፤ የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር የሚያዘውን። ግንቡ በሚያዝያ ፈርሶ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ። አምስተኛውን እጅ በገንዘብ ልንሰጣቸው ብንል እማማ አልቀበልም አሉ። ከፈረሰው ግንብ የተረፈውን ብሎኬት ጠይቀው ለሽንት ቤታቸው አሠሩበት። የተሸከሙት የወጣቶች ኅብረት ልጆች ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው «እማማ፣ እንግባ?» ብለው ጠየቁ።